ልብሽ ያለ ምክንያት ሲደልቅ፦ ከድንጋጤው እስከ ኢሲጂው

24 ዓመቴ ነበር። ደሴ፣ አክስቴ ቤት፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እየተቀዳ ነው። ሲኒዬን ተቀብዬ ገና ወደ አፌ ሳላስጠጋው ልቤ አንድ ጊዜ ዘለለ፣ ቀጥ አለ፣ ከዚያ ይደልቅ ጀመር። እጄ ላይ ያለው ቡና ክብ ክብ እየሠራ ሲርገበገብ አየሁት። አክስቴ «አብሽሪ፣ ምች ነው» ብላ ዳማከሴ አሽታ አጠጣችኝ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተወኝ። በሳምንቱ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሦስቱንም ጊዜ የደረስኩት ልቤ ጸጥ ካለ በኋላ ነው፤ ሦስቱንም ጊዜ «ምንም የለብሽም፣ ጭንቀት ነው» ተብዬ ተመለስኩ። በአራተኛው ግን ልቤ የደለቀበትን ጊዜ ሁሉ የመዘገብኩበትን ደብተር ይዤ ገባሁ። ሐኪሟ ደብተሩን ገልጣ አየችና የደም ምርመራ አዘዘች፤ ደም ማነስ ሆኖ ተገኘ። ደሜ ሲሞላ አብዛኛው መደለቅ ቀረ። የተረፈው ጉዳት የሌለው ትርፍ ምት ነው፤ ዛሬም አንዳንዴ ይመጣል።

ሐኪም አይደለሁም። ይህን የምጽፈው ለአንቺ፣ «ምክንያቱ አልታወቀም» ተብለሽ ቤትሽ ለተመለስሽው ነው። ያ አባባል ብዙ ጊዜ «ገና አልተያዘም» ማለት ነው። ልብሽ የሚያምፀው ሌሊት አልጋ ላይ ነው፤ የምትመረመሪው ግን ጠዋት ተሰልፈሽ፣ ተረጋግተሽ ነው። ስለዚህ የመያዙ ሥራ ግማሹ የአንቺ ነው።

ከሁሉ በፊት፦ ቤት የማያስቀምጡ ምልክቶች

ልብሽ ሲደልቅ ራስሽን ስተሽ ከወደቅሽ ወይም ልትወድቂ ከደረስሽ፣ ደረትሽን ጨምድዶ ከያዘሽ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ወይም ሩጫ፣ ዳገት ወይም ሸክም ላይ እያለሽ ድንገት ከጀመረሽ ደብተሩም ዕረፍቱም ይቆይ፤ ያኔውኑ ሆስፒታል፣ ሰው አስከትለሽ። ደም የተቀላቀለበት አክታ፣ ያበጠ እግር፣ ጋደም ስትዪ የሚያፍን ትንፋሽ፣ በአንድ ወገን የደነዘዘ እጅና እግር ወይም የተንሻፈፈ አፍም እንደዚያው ነው። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይም ከወለድሽ ገና ጥቂት ወራት ከሆነሽ ትንሽ የሚመስለውንም አትናቂው።

ከቤተሰብሽ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ሰው ካለ፣ «ደህና አምሽቶ ተኛ፣ ጠዋት ሞቶ ተገኘ» የተባለ አጎት ወይም እህት፣ ለሐኪሙ ከሁሉ አስቀድመሽ ንገሪው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ሞት «ቀኑ ደርሶ ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ ለልብ ሐኪም ግን ትልቅ ፍንጭ ነው።

የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ገጠር ካለሽ ደግሞ የወረዳሽን አምቡላንስ ሾፌርና የቀበሌሽን ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ስልክ ዛሬ መዝግቢ። ሌሊት ላይ መፈለጊያ ጊዜ አይኖርም።

በዚያው ቅጽበት

ቁጭ በይ። ዳገት ላይ ከሆንሽ (ደሴ የት ዳገት ያልሆነ አለ?) መንገዱን ለቀሽ ድንጋይም ቢሆን ፈልገሽ ተቀመጪ። ሻርፕሽን ወይም ሒጃብሽን ከአንገትሽ ላላ አድርጊ። ውሃ ካለ ጥቂት ጥቂት ጠጪ።

ቀጥሎ ትንፋሽሽን ያዢ። በአፍንጫሽ እስከ 4 እየቆጠርሽ ሳቢ፣ እስከ 6 እየቆጠርሽ አውጪ። ቁጥሩ ካስጨነቀሽ ስታወጪ ዚክር በይበት፣ ወይም «አቤቱ ማረን»፤ ልብን የሚያረጋው ረዘም ያለው የማውጫ ትንፋሽ ነው። በፍርሃት ቶሎ ቶሎ ስንተነፍስ ጣቶቻችንና ከንፈራችን ይነዝረናል፣ ራሳችንን ያዞረናል። ብዙ ልጆች ይህንን «መሞቴ ነው» ብለው ይተረጉሙታል፤ ትንፋሹ ሲዘገይ ንዝረቱ አብሮ ይለቃል። በሁለቱም እጅ እኩል የሚመጣ መሆኑን ልብ በይ፤ በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ከላይ ወዳልኩት ተመለሺ።

ከዚያ ቁጠሪ። ግራ መዳፍሽን ወደ ላይ አዙሪና ከአውራ ጣትሽ ሥር፣ አንጓሽ ላይ፣ የቀኝ እጅሽን ሌባ ጣትና መሐል ጣት ለስለስ አድርገሽ አሳርፊ። በአውራ ጣት አትለኪ፤ የራሱ ትርታ ስላለው ያሳስትሻል። የስልክሽን ሰዓት ከፍተሽ ሙሉ 60 ሴኮንድ ቁጠሪ። 15 ሴኮንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ለጤነኛ ልብ ይበቃል፤ ለሚዛነፍ ልብ አይሆንም።

ዐርፎ ለተቀመጠ ሰው ከ60 እስከ 100 ጤነኛ ቁጥር ነው። በድንጋጤ፣ በትኩሳት፣ በውሃ ጥም ወይም በደም ማነስ ከ100 በላይ ሲሄድ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው፣ ቀስ እያለም ይወርዳል። ቁጭ እንዳልሽ፣ ድንገት እንደ ማብሪያ ማጥፊያ «ጧ» ብሎ ከ150 በላይ የሚገባና እንደዚያው በድንገት የሚጠፋ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የልብ የኤሌክትሪክ መስመር ችግር ሊሆን ይችላል። ይህ ዓይነቱ አንገት ላይ ጭምር ይደልቃል፤ ካለፈ በኋላም ሽንት ቶሎ ቶሎ ያስወጣል። እነዚህን ሁለቱን ሐኪሙ ካልጠየቀሽ አንቺ ንገሪው።

ከቁጥሩ እኩል የሚያስፈልገው ሥርዓቱ ነው። የመንዙማ ድቤ ሰምተሽ ካደግሽ ጆሮሽ ይህንን ያውቃል። ፈጥኖ ግን ልኩን ጠብቆ ይመታል? ወይስ ደህና እየሄደ ድንገት አንዱን ዘልሎ ቀጣዩን ጠንከር አድርጎ ይመታል? ወይስ ምንም ልክ የለውም፣ ድቤውን ሕፃን ልጅ ይዞት እንደሚደበድበው ነው? ሁለተኛው በአብዛኛው ትርፍ ምት ነው፣ በጤነኞችም በብዛት ይታያል። ሦስተኛው ምርመራ የሚያስቸኩል ነው። ሐኪሙ ፊት ስትደርሺ በቃል ለማስረዳት አትድከሚ፤ ጠረጴዛው ላይ በጣትሽ መትተሽ አሰሚው። እኔ በአራተኛው ጉዞዬ ያደረግኩት ይህንን ነው፤ ሐኪሟ ብዕሯን አስቀምጣ አዳመጠችኝ።

ደብተሩ

የ50 ሉክ ደብተር ይበቃል። ለእያንዳንዱ ጊዜ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ድንገት ነው ወይስ ቀስ ብሎ የጀመረው፣ በደቂቃ ስንት መታ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ ከዚያ በፊት ምን በላሽ፣ ምን ጠጣሽ፣ ምን ትሠሪ ነበር፣ የወር አበባሽ ስንተኛ ቀን ላይ ነሽ የሚሉትን ጻፊ። ቢያንስ ሁለት የወር አበባ ዙር እስኪያልፍ አትተዪው። አንዳንድ ሴቶች ላይ ከወር አበባ በፊት ባሉት ቀናት መደለቁ ይብሳል፤ ይህን ከደብተር በቀር የሚያሳይሽ ነገር የለም። የእኔ ደብተር ያሳየኝ ተቃራኒውን ነው፦ የሚብስብኝ ደሜ ከፈሰሰ በኋላ ባለው ሳምንት ነበር።

መጀመሪያ ደምሽን ተመልከቺ

ስለ ደም ማነስ ረዘም አድርጌ የምጽፈው የእኔ ስለሆነ ብቻ አይደለም። በእኛ ዕድሜ ያለች ሴት በየወሩ ደም ታፈሳለች፣ ትፆማለች፣ ሥጋ የምትበላው በዓል ሲመጣ ነው። ደም ሲያንስ ልብ ያለችውን ጥቂት ደም ቶሎ ቶሎ እያዞረ ለማዳረስ ይሮጣል፤ መደለቁ ያ ሩጫ ነው።

ሞዴስሽ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ የሚርስ ከሆነ፣ የረጋ ደም የሚወጣሽ ከሆነ፣ ከ7 ቀን በላይ የሚፈስሽ ከሆነ ብዙ እየፈሰሰሽ ነው፤ «እናቴም እንዲሁ ነበረች» ብለሽ አትለፊው። አፈር፣ ዐመድ ወይም ጥሬ ሩዝ ካማረሽ አትፈሪ፣ ለሐኪም ተናገሪ፤ የብረት እጥረት ምልክት ሊሆን ይችላል። የታችኛውን የዐይን ቆብሽን ወደ ታች ሳብ አድርገሽ በመስታወት እዪ፤ ቀይ መሆን ሲገባው ከነጣ ተመርመሪ። ቆላ ከሆንሽ ወይም በባዶ እግር እርሻ የምትውዪ ከሆነ የሰገራ ምርመራም ጠይቂ፤ የመንጠቆ ትል ደም ይመጥጣል።

ውጤቱ ሲመጣ አንድ ነገር አስታውሺ። እርጉዝ ላልሆነች ሴት የደም ማነስ ወሰን ተብሎ የሚጠቀሰው 12 ግራም በዴሲ ሊትር የተቀመጠው ለባሕር ጠለል ነው። ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ሰውነት ብዙ ደም ስለሚያስፈልገው ወሰኑ ከፍ ይላል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ለኮምቦልቻ ልጅ «ደህና» የሚባል ቁጥር ለደሴ ወይም ለወረኢሉ ልጅ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙን «ከፍታው ታስቦ ነው?» ብለሽ ጠይቂ።

የብረት ክኒን ከታዘዘልሽ በሎሚ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ውሰጂው። ከቡናና ከሻይ ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቂው፤ ሁለቱም ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳሉ። ምሳ ተበልቶ ገበታው ሳይነሣ ከሰል የሚቀጣጠልበት ቤት ውስጥ ይህ ቀላል አይደለም። እኔ እናቴን ጠይቄ ቡናውን ወደ አሥር ሰዓት አዛወርነው፤ ጎረቤቱም ለመደው። ሰገራሽ ይጠቁራል፣ አትደንግጪ። ደምሽ ከተስተካከለ በኋላም ክምችቱ እስኪሞላ ክኒኑ በአብዛኛው ሦስት ወር ያህል ይቀጥላል፤ «ዳንኩ» ብለሽ አታቋርጪ።

ቡናው፣ ጫቱ፣ ፆሙ፣ መድኃኒቱ

ቡና ሁሉንም ልብ አያስደልቅም። ስለዚህ በጭፍን አትከልክዪ፣ ራስሽን ፈትኚ። ከሦስቱ ሲኒ በመጀመሪያው ሳምንት በረካውን ተዪ፣ በሁለተኛው ቶናውን፣ ከዚያ አቦሉን፤ በአንድ ቀን ካቆምሽ ራስ ምታቱ ይጥልሻል። ሁለት ሳምንት ያለ ቡና ቆይተሽ ደብተሩ ምንም ካልተለወጠ ቡናሽን መልሰሽ ጠጪ።

ስለ ጫት ግን እንዲህ ማለት አልችልም። ወዳጃ ላይ ለዱዓ ተብሎ የሚቃመውም፣ ለፈተና ጥናት የሚቃመውም ውስጡ ያለው ካቲኖን የሚባል አነቃቂ አንድ ነው፤ የልብን ምትና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ልብሽ የሚደልቅ ከሆነ ዱዓው ላይ ተቀመጪ፣ ቅጠሉን እለፊው። ለሐኪምሽም አትደብቂ፤ የደበቅሽው ነገር ምርመራውን ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ይመራዋል።

በረመዳንም በዐቢይ ፆምም ዋናው ችግር የውሃ እጥረት ነው። ከኢፍጣር እስከ ሱሁር ውሃውን ከፋፍለሽ ጠጪ፤ በባዶ ሆድ መጀመሪያ ቡና አታግቢ። ደም ማነስ ካለብሽ ስለ ፆሙ ሐኪምሽንም፣ ሼህሽን ወይም ንስሐ አባትሽንም አማክሪ፤ ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው ፈቃድ አላቸው።

ለአስም የሚነፋው ሳልቡታሞልና አንዳንድ የጉንፋን ክኒኖች ልብ ያስደልቃሉ። የወር አበባሽ ከዘገየ ደግሞ የእርግዝና ምርመራ አድርጊ፤ እርግዝና የልብን ምት በደቂቃ ከ10 እስከ 20 ይጨምራል። «ለልብ መምታት ጥሩ ነው» ብላ ጎረቤት የሰጠችሽን ፕሮፕራኖሎል በፍጹም አትዋጪ፤ አስም ያለባትን ሴት ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል።

ስትቆሚ ብቻ የሚነሣብሽ ከሆነ ጠዋት ከአልጋ ሳትወርጂ 5 ደቂቃ ተጋድመሽ ቁጠሪ። ከዚያ ሰው አጠገብሽ አድርገሽ ቁሚና በ2ኛው፣ በ5ኛውና በ10ኛው ደቂቃ ቁጠሪ። ከ30 በላይ ከጨመረ (ከ20 ዓመት በታች ላለች ከ40 በላይ) ቁጥሮቹን ጽፈሽ ለሐኪም አሳዪ። በወጣት ሴቶች ላይ የሚታይ የታወቀ ሁኔታ ነው፤ ብዙ ጊዜም «ሰነፍ ናት» ተብሎ ይታለፋል።

ጉሮሮሽን አስታውሺ

እዚህ ላይ ቀስ ብለሽ አንብቢ። በልጅነትሽ ጉሮሮሽን በተደጋጋሚ ያምሽ ነበር? ከዚያ በኋላ ጉልበትሽ ወይም ቁርጭምጭሚትሽ አብጦ፣ ሕመሙ ከአንዱ መጋጠሚያ ወደ ሌላው ይዞር ነበር? ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ከሳምንታት በኋላ የሰውነትን መከላከያ በራሱ በልብ በር (ቫልቭ) ላይ ሊያስነሣ ይችላል፤ በሩ ይጠባል ወይም ያፈሳል። በአገራችን ወጣቶችን ለልብ ሕመም ከሚዳርጉት ዋነኛው ነው፣ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ላይ ይበዛል። እንጥል ማስቆረጥ ይህን አያስቀርም፤ የሚያስቀረው በጊዜው የተወሰደ ፔኒሲሊን ነው።

የጎረቤታችን ልጅ ዳገት ስትወጣ ልቧ ይደልቅባት ነበር፤ «ወፍረሽ ነው» ይሏት ነበር። ስድስት ወር ስታረግዝ በሦስት ትራስ ካልሆነ መተኛት አቃታት። በእርግዝና ጊዜ የደም መጠን በግማሽ ገደማ ይጨምራል፤ የጠበበ በር ያንን ማሳለፍ አይችልም። የልብ አልትራሳውንድ፣ ኢኮ የሚሉት፣ በሩ መጥበቡን አሳየ። ዛሬ ልጇን አሳድጋ በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌዋን ትወስዳለች። መርፌው ያማል። እሷ ግን አንድም ቀን አላሳለፈችም። ታሪክሽ ይህን የሚመስል ከሆነ ኢሲጂ፣ የልብን የኤሌክትሪክ ምት ወረቀት ላይ የሚያወጣው ምርመራ፣ ብቻውን አይበቃሽም፤ ከማግባትሽ፣ ካገባሽም ከማርገዝሽ በፊት ኢኮ እንዲታዘዝልሽ ጠይቂ።

እንቅርትም አለ። ሁልጊዜ ከሞቀሽ፣ እየበላሽ ከከሳሽ፣ እጅሽን ዘርግተሽ ጣቶችሽ ላይ ወረቀት ስታስቀምጪ ወረቀቱ ከተርገበገበ የእንቅርት ሆርሞን ምርመራ፣ ቲኤስኤች የሚባለው፣ ያስፈልግሻል። አንገት ላይ የሚታይ እብጠት ሳይኖርም ሊሆን ይችላል።

ሐኪም ፊት

ጤና ጣቢያ ጀምሪ፤ በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የምትታከሚ ከሆነ ያለ ሪፈር ወረቀት ሆስፒታል ብትሄጂ ከኪስሽ ልትከፍዪ ትችያለሽ። ስትገቢ «ጨንቆኛል» ብለሽ አትጀምሪ፤ ያ ቃል ከወጣ ሌላው አይሰማም። «በዚህ ወር 9 ጊዜ፣ ድንገት ጀምሮ፣ በደቂቃ 160 መትቶ፣ 20 ደቂቃ ቆይቶ» ብለሽ ጀምሪ። ከዚያ የሙሉ ደም ምርመራ፣ ቲኤስኤች፣ የፖታሲየምና የስኳር ልኬት፣ ኢሲጂ «ያስፈልገኝ ይሆን?» ብለሽ ጠይቂ። ደሴና ወልዲያ ያሉት ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሎች የአካባቢያችን የሪፈር መድረሻዎች ናቸው። ለ24 ሰዓት ደረት ላይ ታስሮ የሚመዘግበው ሆልተር ሁሉም ቦታ ስለማይገኝ ከመሄድሽ በፊት አስደውዪ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፦ ልብሽ እየደለቀ እያለ አቅራቢያሽ ኢሲጂ ያለበት ቦታ ግቢና «አሁን ይነሣልኝ» በይ። የትኛው ክሊኒክ ማሽኑ እንዳለው፣ ሌሊት ይሠራ እንደሆነ ደህና በሆንሽበት ቀን አጣሪ። በጸጥታ ሰዓት የተነሣ ንጹሕ ኢሲጂ ጥሩ ዜና ነው፣ ሙሉ መልስ ግን አይደለም።

ሐኪሙ በወረቀት አይቶ «ኤስቪቲ ነው» ካለሽ፣ ያ ድንገት ገብቶ ድንገት የሚወጣው ነው፣ ቤት ውስጥ የሚሠራ ዘዴ እንዲያስተምርሽ ጠይቂው። መርፌ የሌለው ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ በአፍሽ ይዘሽ ውስጡ ያለው ዘንግ እስኪነቃነቅ ድረስ ለ15 ሴኮንድ ትነፊያለሽ፤ ወዲያው በጀርባሽ ተጋድመሽ ሌላ ሰው ሁለቱን እግሮችሽን ለ15 ሴኮንድ ከፍ አድርጎ ይይዝልሻል። በ2015 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የታተመ ጥናት ውስጥ ይህ መንገድ ከመቶ 43 ያህሉን ሲመልስ፣ እግር ሳይነሣ መንፋት ብቻ 17ቱን ነው የመለሰው። እግሩ ነው ልዩነቱ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይም የሚያዞርሽ ከሆነ ያለ ሐኪም አትሞክሪው፤ አንገትሽን መጫን ደግሞ ጭራሽ አታድርጊ።

ሁሉም ንጹሕ ሲሆን

ደምሽ ሙሉ፣ ቲኤስኤችሽ ልክ፣ ኢኮሽ ጤነኛ፣ በሚደልቅበት ሰዓት የተነሣው ኢሲጂ ትርፍ ምት ብቻ ካሳየ ልብሽ ደህና ነው። ምቱ ሲመጣ ዘዴው እንዳትከታተዪው ነው፤ በየደቂቃው አንጓሽን መጫን ራሱ ልብን ያስደነግጣል። እኔ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ እንድቆጥር ተወስኖብኝ ነበር፤ ሁለት ሳምንት ከባድ ነበር፣ ከዚያ ቀለለኝ።

ጭንቀት መሆኑም እውነተኛ መልስ ነው፣ ሌላው ከተጣራ በኋላ ከመጣ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያልፍ እዚህ የነበርን፣ በር በኃይል ሲዘጋ ዛሬም ልባችን የሚዘልል ብዙ ነን። ይህ ድክመት አይደለም፣ ሕክምና አለው። የአእምሮ ጤና ክፍል መሄድ «አበደች» የሚያስብል ከመሰለሽ ከምታምኛት ሴት ጋር ሂጂ።

ቤተሰብሽ ዓይነ ጥላ ነው፣ ዛር ነው ቢል አትጣዪ። ጠበሉንም ዱዓውንም ውሰጂ፤ ሰላም የሚሰጥሽን ማንም አይነጥቅሽም። ክኒንሽንና መርፌሽን ግን ለእሱ ብለሽ አታቋርጪ። እናትሽን ይዘሻት ሐኪም ዘንድ ግቢ፤ ከሐኪሙ አፍ የሰማችው ከአንቺ ከሰማችው ይልቅ ይገባታል።

አንድ የቀረ ነገር። የኢሲጂ ወረቀት በሙቀት የሚታተም ነው፤ ቦርሳ ውስጥ ወይም ፀሐይ ላይ ሲከርም ይደበዝዛል። የእኔ የመጀመሪያው ዛሬ ባዶ ሮዝ ወረቀት ነው። በተነሣሽበት ቀን ፎቶ ኮፒ አስደርጊ፣ በስልክሽም አንሺና ለእህትሽ ላኪ። ጀርባው ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ «እየደለቀኝ ነበር» ወይም «ጸጥ ብሎ ነበር» የሚለውን በብዕር ጻፊ።